ገመዱን እጅዎ ላይ አይጠምጥሙት

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ቡቺ የሚባል ሁለት ዓመት የሞላው ወንድ ውሻ አለን። የሐበሻ ውሻ ነው፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሳይሆን አይቀርም። እንደ ሰፈራችን ልማድ ቀን በሰንሰለት ይውላል፣ ማታ ይፈታል። ቀን ሙሉ እየጮኸ ጎረቤት ስላስቸገረ ‹ቢንሸራሸር ይረጋጋል› ተባልኩና ከሦስት ሳምንት በፊት ማውጣት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ባጃጅ አይቶ ሲፈተለክ ኮብልስቶኑ ላይ ጣለኝ፤ ገመዱ መዳፌን ላጠው። በሌላ ቀን አንገቱን ከማሰሪያው አሹልኮ አመለጠኝ፤ የተመለሰው ማታ ነው። የመንደር ውሾች ከበውን ያውቃሉ። ከቆሻሻ ገንዳ አጥንት አንስቶ ሊታነቅም ነበር። ባለፈው እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ የሚመለሱ እናት ነጠላቸውን በጭቃ እግሩ ነካባቸውና ሰደቡኝ፤ እውነት አላቸው። ባለቤቴ ‹ውሻ የግቢ ነው፣ ተይው› ይላል። ልተወው? ካልተውኩስ ምን ላድርግ? አመሻሹ ላይ ሰው ሲቀንስ ወደ ቀሃ ወንዝ ብወስደውስ? የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄም ‹እኔ ልያዘው› እያለ አላስቀምጥ ብሎኛል።»
የሁለት ልጆች እናት፣ ከማራኪ

ውድ እኅታችን፣ መዳፍዎን እግዜር ይማርልዎ። አይተዉት። ባለቤትዎ ያሉት የብዙ ሰው ሐሳብ ነው፣ ሞኝነትም የለበትም፤ ውሻ በእኛ ዘንድ ዘበኛ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሁለት ሜትር ሰንሰለት ላይ ሲሽከረከር የዋለ ውሻ የተሻለ ዘበኛ አይሆንም። ለሁሉም ይጮኻል። ለሁሉም የሚጮኽ ውሻ ደግሞ ሌሊት የምር ሲጮኽ ተነስቶ የሚያየው የለም።

ቡቺ የጣለዎት ክፉ ሆኖ አይደለም። ከሰንሰለት ተፈትቶ በቀጥታ ወደ መንገድ ወጣ፤ ጉልበቱም፣ ጉጉቱም፣ ፍርሃቱም በአንድ ጊዜ ገነፈለ። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከመንገዱ ሳይሆን ከግቢዎ በር ነው። ቀድመን ግን ስለ ዕቃው እንናገር፤ በደብዳቤዎ ካሉት አደጋዎች ሁለቱ የዕቃ ጥፋት ናቸውና።

የሐበሻ ውሻ ጭንቅላቱ ከአንገቱ ብዙ አይሰፋም። ወደ ፊት ሲስብ የማይወልቀው የአንገት ቀበቶ፣ ፈርቶ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ በጆሮው ላይ ሾልኮ ይወጣል። ቀበቶውን ከጆሮው ሥር፣ አንገቱ ቀጠን በሚልበት ከፍ አድርገው ይሰሩት። በቀበቶውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ጎን ለጎን ይግባ፤ ሦስት ከገባ ላልቷል፣ አንድ ብቻ ከገባ ያንቃል። ከዚያ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊቱ ቆመው ገመዱን ቀስ ብለው ወደ ራስዎ ይሳቡ። እሱ ወደ ኋላ ሲል ቀበቶው ጆሮው ላይ ከደረሰ አንድ ቀዳዳ ይጨምሩ። ይህን ፍተሻ በየቀኑ ከመውጣትዎ በፊት ያድርጉት፤ ቆዳ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ በክረምት ትናንት ልክ የነበረው ዛሬ ላልቶ ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው የደረት ማሰሪያ ነው። ተሠርቶ የሚሸጥ ካላገኙ ጫማ ሰፊ ይሠራልዎታል። አሮጌ የመኪና ቀበቶ ይፈልጉ፤ ስፋቱ ወደ 5 ሳንቲሜትር ስለሚጠጋ ለሁለት ታጥፎ ሲሰፋ ለ25 ኪሎ ውሻ ይበቃል። ሦስት ልክ ይውሰዱ፦ የአንገቱን ሥር ዙሪያ፣ ከፊት እግሮቹ ብብት አራት ጣት ወደ ኋላ ያለውን የደረቱን ዙሪያ፣ ሁለቱን በደረቱ ሥር የሚያገናኘውን ርዝመት። መጋጠሚያው ላይ ስፌቱ አራት ማዕዘን ሆኖ መሃሉ ላይ መስቀል ይሰፋበት፤ ባለ አንድ መስመር ስፌት በሁለት ቀን ይተረተራል። ቀለበቶቹ የተበየዱ ይሁኑ፤ ታጥፎ የተገጠመ ሽቦ ሲጎተት ይከፈታል። ገመዱ የሚያያዝበት ቀለበት ደግሞ ደረቱ ፊት ላይ ይደረግ። ጀርባው ላይ ከሆነ እንደ ተጠመደ በሬ በሙሉ ክብደቱ ይጎትትዎታል፤ ደረቱ ላይ ከሆነ ግን በጎተተ ቁጥር ራሱ ወደ እርስዎ ይዞራል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአንገት ቀበቶውንም አያውልቁ፤ ሁለቱን በአጭር ገመድ ያያይዟቸው። አንዱ ቢሾልክ ሌላው ይይዘዋል።

ገመዱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይሁን። ቀጭን ናይለን መዳፍ ይልጣል፤ ጠፍጣፋውን ወይም እንደ አውራ ጣት ወፈር ያለውን ይምረጡ። ሰንሰለት ለሽርሽር አይሆንም፣ እጅ ይቆርጣል፣ ሲንቋቋም የሚያልፈውን ሰው ያስደነግጣል።

አያያዙ እንዲህ ነው። የገመዱን ጫፍ ቋጥረው በሠሩት ቀለበት ውስጥ የቀኝ አውራ ጣትዎን ብቻ ያግቡ፤ ትርፉን ሁለት ጊዜ አጥፈው በመዳፍዎ ይጨብጡት። ግራ እጅዎ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ገመዱን ይያዝ፣ ቀኝ ክርንዎ ከጎንዎ ይጣበቅ። ሲፈተለክ ክንድዎ ተዘርግቶ ከተገኘ ትከሻዎን ይዞ ይሄዳል። ጉልበትዎን አጠፍ አድርገው ዝቅ ይበሉ፤ ክብደትዎ ወደ መሬት ሲወርድ ውሻው ሊነቅልዎት አይችልም። መውደቅ የማይቀር ከሆነ መዳፍዎን ሲከፍቱ ገመዱ ይለቃል። እጅ ላይ የተጠመጠመ ገመድ ግን አይለቅም፤ ጣት የሚሰበረው፣ ሰው ኮብልስቶን ላይ የሚጎተተው በዚያ ነው።

አሁን ወደ በሩ። ከሰንሰለት ፈትተው መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ግቢ ውስጥ ይልቀቁት፤ ይሩጥ፣ ይሽና፣ ጨርቅ ይጎትት። የመጀመሪያው ጉልበት እዚያው ይውጣ። ከዚያ ማሰሪያውን ይዘው ይጥሩት። ገና ሲያየው የሚዘል ከሆነ ዝም ብለው ይቁሙ፣ አይቆጡት፣ አያባብሉት። አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ያስሩታል፤ ሲዘል እጅዎ ወደ ኋላ ይመለሳል። አስሮ ወደ በሩ መሄድ ብቻ የመጀመሪያ ቀን ሩብ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ይፍጅ።

በሩ ላይ «ቁጭ» ይበሉት። በሩን ስንዝር ያህል ይክፈቱ። አፍንጫውን ሊያሾልክ ይነሳል፤ አፍንጫውን ሳይነኩ ይዝጉት። እንደገና ቁጭ፣ እንደገና ስንዝር። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ጊዜ መዝጋት ያለ ነው። የሚሆነውን ልብ ብለው ይዩ፦ መጀመሪያ ዓይኑ ክፍተቱ ላይ ተተክሎ ይቆያል፣ ጆሮው ወደ ፊት ይቆማል፣ የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ከብዙ መዝጋት በኋላ አንዴ ቀና ብሎ እርስዎን ያያል፤ ያቺ ቅጽበት ናት የምትፈለገው። ያን ጊዜ ቁራሽ ይስጡት፣ በሩን ይክፈቱ፣ ቀድመው እርስዎ ይውጡ። የዚያን ቀን ሽርሽር ከበሩ እስከ ሁለተኛው ጎረቤት ቢሆን በቂ ነው።

ቁራሹ ምን ይሁን? ከጥፍር የማይበልጥ የተቀቀለ ሳንባ ርካሽም ነው፣ ውሾችም ይወዱታል። ሳንባና ጉበት ግን ጥሬውን በፍጹም አይስጡት፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን ጨርሶ አይጠቀሙበት፣ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቅበሩት። ያ ከረጢት የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል ሽል ነው። ውሻው ሲበላው ሆዱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በልጅ እጅ ወደ አፍ ይገባል፣ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ተመሳሳዩን ከረጢት ያበቅላል። ደህና የሚመስለውንም ቢሆን ከፈላ በኋላ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ይቀቅሉት። ወጥ የነካው፣ ሽንኩርት ያለበት ነገር አይሁን፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። በዐቢይ ጾም ሉካንዳው ሲዘጋ ያልተፈተፈተ ድርቆሽ እንጀራ ተሰባብሮ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ እጅም አያቆሽሽ። ተርቦ ሲወጣ ይሠራል እንጂ ጠግቦ ድርቆሽ አይሰማውም፤ ስለዚህ ዋናውን ምግብ ከተመለሰ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያቅርቡለት።

ቃላቱን ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ያድርገው። «ና»፣ «ቁጭ»፣ «ተው»፣ «ጣል»፤ አራት ይበቃሉ። እርስዎ «ተው» እያሉ ባለቤትዎ «አንተ!» ልጅዎ «ሂድ!» የሚሉት ከሆነ ለቡቺ ሁሉም ጩኸት ነው።

መጎተቱን በተመለከተ፣ ውሻ የሚጎትተው ስለሚሠራለት ነው። ጎትቶ አንድ እርምጃ ከሄደ ተከፍሎታል። ደመወዙን ያቋርጡበት። ገመዱ ሲወጠር ይቁሙ፤ አይጎትቱት፣ ዝም ብለው ይቁሙ። ዞሮ ካየዎት ወይም ገመዱ ከላላ ይቀጥሉ። ካልላላ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሱ፤ እሱም ተከትሎ ሲመጣ ገመዱ ይላላል። መልሰው በጎተቱት ቁጥር ደግሞ እሱ በተቃራኒው ይገፋል፤ ይህ የእንስሳ ሁሉ ጠባይ ነው፣ አህያ የጎተተ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ሳምንት በሩብ ሰዓት መቶ ሜትር ካልሞላ አይናደዱ። ሽርሽሩ ውሻውን የሚያደክመው በርቀቱ ብቻ አይደለም፤ ማሽተትም ያደክመዋል። ሣር ሥር አፍንጫውን ቀብሮ ሲቆም አይጎትቱት፤ ሁለት ደቂቃ ማሽተት ለእሱ ወሬ መስማት ነው።

ባጃጅ ከባዱ ፈተና ነው፣ ማራኪ ላይ ደግሞ ባጃጅ አይጠፋም። ቡቺ ሲጮህ ባጃጁ ያልፋል፤ በእሱ ሒሳብ «አባረርኩት» ነው። በቀን ሃያ ጊዜ ያሸነፈ ውሻ መጮኽ አያቆምም። መንገዱ ዳር ወስደው አያለማምዱት፤ አስፋልቱ ከሠላሳ ሜትር ርቆ ከሚታይበት ጥግ ይቁሙ። ባጃጁን አይቶ ገና ሳይጮህ ቁራሽ፤ ባጃጁ ሲሰወር ቁራሹም ይቁም። ከጮኸ ቀርበዋል ማለት ነው፤ አሥር እርምጃ ያፈግፍጉ። ጸጥ ብሎ ባጃጅ ሲያይ ወደ እጅዎ መዞር ሲጀምር በየቀኑ ሁለት ሦስት ሜትር ይቅረቡ። እግረኛ መንገድ በሌለበት በግራ ዳር ይሂዱ፤ መኪናው ፊት ለፊት ይመጣልዎታል። ቡቺ በውጪው በኩል፣ እርስዎ በመኪናው በኩል ይሁኑ።

ካመለጠዎት አይከተሉት። መከተል ለእሱ ጨዋታ ነው፣ ደግሞም አይደርሱበትም። ስሙን በደስታ ድምፅ ጠርተው በተቃራኒው ወደ ቤት ሩጡ፤ ሲጠጋ ጎንበስ ብለው ጎንዎን ይስጡት። ሲመጣ፣ ማታ እንኳ ቢመጣ፣ አይምቱት። ውሻ የሚያያይዘው ዱላውን ከማምለጡ ጋር ሳይሆን ከመመለሱ ጋር ነው።

የመንደር ውሾች እንደሚመስለው ሁሉ በየቦታው አይደሉም። ሰፈር አላቸው፦ ሉካንዳ በር፣ የቆሻሻ ገንዳ፣ የጅምር ሕንፃ ሥር። ሁለት ቀን ያለ ቡቺ ብቻዎን በመንገዱ ይሂዱና የሚተኙበትን ይለዩ። ብዙውን ጊዜ ከሰፈራቸው ጠርዝ ጥቂት ተከትለው ይመለሳሉ። ስለዚህ ቀጥታ አይግቡባቸው፤ ቅስት ሠርተው ይዙሩ። ሲመጡ አይሩጡ፣ ጀርባዎን አይስጡ፣ ዓይናቸውን አያፍጥጡባቸው። ቡቺን በጎንዎ አልፎ ከኋላዎ ያድርጉት፤ ገመዱ ግን አይወጠር። የተወጠረ ገመድ አንገቱን ቀና፣ ደረቱን ገፋ ያደርገዋል፤ ለሌሎቹ ውሾች ያ «ና ውጣ» ነው። ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ማለት ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ የአገራችን ውሻ ያን እንቅስቃሴ ያውቀዋል፣ መወርወሩ አያስፈልግም። ከዱላ ይልቅ ጃንጥላ ይያዙ። ድንገት ሲከፈት ትልቅ ግድግዳ ይሆናል፣ ሰውም «ምን ሆነች» አይልዎትም፤ ለፀሐይም ለዝናብም ነው። ቡቺ ራሱ እንዳይደነግጥ አስቀድመው ግቢ ውስጥ እየከፈቱ እየዘጉ ያለማምዱት። ስድስት ሰባት ወንድ ውሾች አንዷን ሴት ተከትለው ካዩ ግን ጃንጥላውም አያድንም፤ ለሁለት ለሦስት ሳምንት በዚያ መንገድ አይሂዱ።

ከተያያዙ እጅዎን መሃል አያግቡ፣ የቡቺንም አንገት አይያዙ፤ የገዛ ውሻዎ ሳያውቅ የሚነክስዎት ያን ጊዜ ነው። ውሃ ካለ ፊታቸው ላይ ይድፉ፣ ካልሆነ ነጠላ ወይም ጃኬት ጭንቅላታቸው ላይ ይጣሉ፣ ሲላቀቁ ወዲያው በገመዱ ይሳቡ። ቤት ሲደርሱ ፀጉሩን እየገለጡ ይዩ። የውሻ ጥርስ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ፣ ከውስጥ ግን ጥልቅ ኪስ ነው የሚተወው። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ግማሽ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጠው ይጠቡት፤ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ። ክትባት ቢኖረውም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ወዲያው ይደገምለታል፣ 45 ቀንም ከሰው ለየት ብሎ ክትትል ይደረግበታል።

ስለ ክትባት አልጻፉልንም። ካልተከተበ ይህን ገጽ እዚህ ላይ አጥፈው መጀመሪያ ያስከትቡት፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክም ሆነ የከተማው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይጠይቁ። ቡችላ ከሦስት ወሩ ጀምሮ ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ። ካርዱን ይዘው ይንቀሳቀሱ፤ ከሰው ጋር ጠብ ሲነሳ ከመቶ ይቅርታ አንድ ካርድ ይበልጣል። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ በሰውም በውሻም መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ቡቺም ሆነ የመንደር ውሻ ሰውን ከነከሰ ወይም ከቧጨረ፣ ቁስሉ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በሰዓት ይቁጠሩት፣ ሰው ሁለት ደቂቃ አጥቦ አሥራ አምስት ይመስለዋል። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅጠል አይደረግበት። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሄዳል። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ክትባቱን ግን ቀድሞ ይጀምር። የነከሰውን ውሻ አይግደሉት፤ ታስሮ አሥር ቀን ይታያል። ተገድሎ ከጠፋ ሐኪሙ የሚያየው ነገር የለውም።

አጥንቱን በተመለከተ፣ የበሰለ የዶሮና የበግ አጥንት እንደ ሹል እንጨት ይሰነጠቃል። ከፋሲካ፣ ከገና፣ ከዓመት በዓል ማግስት መንገዱ አጥንት ብቻ ነው፤ ለሁለት ሦስት ቀን መንገድ ይቀይሩ። «ጣል»ን በቤት በልውውጥ ያስተምሩት፦ የሚያኝከውን ሲለቅ የተሻለ ነገር ይስጡት፣ የመጀመሪያውንም ይመልሱለት። ከአፉ በጉልበት የሚቀሙት ውሻ ቀጥሎ የሚማረው ፈጥኖ መዋጥን ነው። ላንቃው ላይ ተጋድሞ ከተሰነቀረ ምራቁን እያዝረበረበ አፉን በእግሩ ይቧጥጣል፤ ይተነፍሳል ግን። አፉን ከፍተው የሚታይ ከሆነ በወረንጦ ወይም በማንኪያ እጀታ ያስለቅቁት። የማይታየውን በጣት አይፈልጉ፣ ይበልጥ ይገፉታል። ድምፅ ካጣና ድዱ ከጠቆረ ጊዜ የለም፤ የኋላ እግሮቹን ከፍ አድርገው በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍዎ አምስት ጊዜ ይምቱ። ካልወጣ ከኋላው ሆነው ከጎድን አጥንቱ ማብቂያ ሥር በቡጢ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ይግፉ።

ሌላው መርዝ ነው። ለባዘኑ ውሾች ተብሎ መርዝ ያለበት ሥጋ የሚጣልበት ጊዜ አለ። ስትሪክኒን የበላ ውሻ ብዙ ጊዜ በሁለት ሰዓት ውስጥ እግሩ ይገትራል፣ ድምፅ ወይም ብርሃን ሲነካው ይንፈራገጣል። ወተት፣ ዘይት፣ ሎሚ ማጠጣት አያድነውም፤ እየተንፈራገጠ ማስመለስማ ያንቀዋል። ጨለማና ጸጥታ ባለበት ሸፍነው በቶሎ ሐኪም ዘንድ ያድርሱት። እንዲህ ያለ ወሬ በሰፈሩ ከተሰማ ግቢ ውስጥ ብቻ ይቆይ።

ነጠላቸው የቆሸሸባቸውን እናት ሄደው ይቅርታ ይጠይቁ፤ ሰፈር ናቸው። ለሚቀጥለው፣ ሰው ሲመጣ አሥር እርምጃ ሲቀረው ዳር ይያዙ፣ ቡቺን «ቁጭ» አሰኝተው በእርስዎና በአጥሩ መካከል ያድርጉት። «አይነክስም» አይበሉ። ማንም አያምንዎትም፣ እርስዎም እርግጠኛ አይደሉም። «ይለፉ፣ ይዤዋለሁ» ይበሉ፤ ሰው መስማት የሚፈልገው እሱን ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አያስጠጉት፤ ገመዱ ተበጥሶ ቢገባ የሚመጣው ነገር ከስድብ ያልፋል። በመስጊድ አካባቢም በሶላት ሰዓት አይለፉ፤ ምራቁ ልብሳቸውን ከነካ ለሰጋጁ ትልቅ ጣጣ ነው። እሑድና በዓል ቀን ጠዋት ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ አይውጡ፣ ረፈድ ይበል። ጥር 10 እና 11 ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱና ሲመለሱ፣ በመስቀል ርችት ሲተኮስ፣ ቡቺ ከግቢ ባይወጣ ይሻላል፤ በተኩስ የደነገጠ ውሻ የቱንም ማሰሪያ ይፈትናል። ከትምህርት ቤት የሚለቀቁ ልጆች ደግሞ ይሮጣሉ፣ የሚሮጥ ነገር ይባረራል። ድንጋይ የሚያነሳ ልጅ ካለ አይሳደቡ፤ ሥራ ይስጡት። «ስሙ ቡቺ ነው፣ ቆመህ አንዲት ድርቆሽ መሬት ላይ ጣልለት» ይበሉት። ሁለት ሦስቴ ያበላ ልጅ ሌላውን ልጅ ራሱ ይከለክልልዎታል።

የቀሃው ሐሳብዎ አይሆንም። አመሻሹ ላይ ሰው ሲቀንስ ጅብ ይጨምራል፤ በወንዙ ሸለቆ ወደ ከተማው ይወጣል፣ ለጅብ ደግሞ በገመድ የተያዘ ውሻ የተዘጋጀ ራት ነው። የማይሸሽበት ገመድ እርስዎ እጅ ላይ ነው። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ማታ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይውጡ፤ 12 ሰዓት ሳይሞላ ግቢ ይግቡ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት እኩለ ቀን ላይ ድንጋዩ ይፋጃል፤ የእጅዎን ጀርባ ኮብልስቶኑ ላይ አሳርፈው እስከ ሰባት መቁጠር ካልቻሉ የእሱም መዳፍ አይችልም።

ሲወጡ ሁለት ፌስታል ኪስዎ ይግባ። አንዱን እንደ ጓንት እጅዎ ላይ አጥልቀው ዓይነ ምድሩን ያንሱ፣ ገልብጠው ይቋጥሩ፣ ቤት ወስደው ከጎመን መደብና ከውሃ ርቆ ክንድ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ከፌስታሉ አራግፈው ይቅበሩ። ልጆች ብይ የሚጫወቱት እዚያው አፈር ላይ ነው፤ የትሉ እንቁላል አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። የትል መድኃኒት በየሦስት ወሩ ይስጡት። ፕራዚኳንቴል ያለበት ይሁን፤ መጠኑን ሐኪሙ በኪሎው ያወጣዋል።

ሲመለሱ አምስት ደቂቃ ይፈትሹት። በጣቶቹ መካከል፣ በብብቱ፣ በጆሮው ውስጥና ጀርባ። መዥገር ካገኙ እሾህ የሚያወጡበትን ወረንጦ ከቆዳው ጋር አጣብቀው አፉን ይያዙና ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ነጭ ጋዝ መቀባት፣ ክብሪት ማስጠጋት ይቅር፤ መዥገሩ ተጨንቆ በሆዱ ያለውን ወደ ውሻው ደም ይተፋዋል። በጥፍርም አይጨፍልቁት፣ ሳሙና ውሃ ውስጥ ይጣሉት። ጠርሙስ የቆረጠውን መዳፍ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ይጫኑ፤ አፉን ከከፈተ ይሰፋል። ቡና አይነስንሱበት፤ ይልሰዋል፣ ቡና ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው።

ልጅዎን በተመለከተ፣ ቡቺ 25 ኪሎ ከሆነ ከአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ክብደት ብዙ አያንስም፤ ብቻውን አይያዘው። ግን አይከልክሉት። ሁለት ገመድ ይሁን፦ የደረቱን ማሰሪያ የሚይዘው ዋናው ገመድ እርስዎ ጋ፣ የአንገቱ ቀበቶ ላይ የሚታሰረው ቀጭኑና ረዘም ያለው ልጁ ጋ። ልጁ በግራው፣ እርስዎ በቀኙ ይሂዱ። የእሱ ገመድ ሁልጊዜ ላላ ይበል፤ እጁ ላይ እንዳይጠመጥመው በየጊዜው ይዩት፣ ሲጎተትበት ወዲያው እንዲለቅ ግቢ ውስጥ አሥር ጊዜ ያለማምዱት። ድርቆሹን የሚሰጠው፣ በሩ ላይ «ቁጭ» የሚለው እሱ ይሁን።